በሶኬት የሚሰካ ሶላር፦ ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን ቀትር ለኩ

በሶልት ሌክ ሲቲ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ።

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ካለቻችሁ አንዲት የዕረፍት ቀን ላይ ቀንሳችሁ ስለ መብራት ለመስማት ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ዓመት ሽቦ ስዘረጋ፣ ብሬከር ስቀይር፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሶላር ስሰቅል ኖሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ሶላር የሰቀልኩላችሁ በጣት የምትቆጠሩ ናችሁ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ሶላር ጣሪያ ይፈልጋል፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ተከራይ ነን። የመብራቱን ሒሳብ በየወሩ እንከፍላለን፤ ጣሪያው ግን የሰው ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ አንገብግቦኛል፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

ይቺ በእጄ የያዝኳት ተራ ስፒና ናት። ፍሪጃችሁም ቴሌቪዥናችሁም ያላቸው ዓይነት። ልዩነቱ ከሌላው ጫፍ ያለው ዕቃ መብራት የሚበላ ሳይሆን መብራት የሚሰጥ መሆኑ ነው። አንድ ወይም ሁለት የሶላር ፓኔል አለ፤ ከጀርባው ኢንቨርተር የምንለው ትንሽ ሳጥን ተያይዟል። ሳጥኑ ከፓኔሉ የመጣውን ኃይል ቤት ውስጥ ካለው መብራት ጋር አስማምቶ በዚህች ስፒና በኩል ወደ ግድግዳው ያስገባዋል። ፍሪጁ መጀመሪያ ከቅርብ የመጣውን ይጠጣል፤ የጎደለውን ብቻ ከውጭ ይስባል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ያንን የጎደለውን ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ይህ ቀላል ነገር ለምን ሳይፈቀድ ቆየ? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ሕግ አንድ ፓኔል በሶኬት የሚሰካ ሰውና ጣሪያውን በሙሉ በሶላር የሚሸፍን ሰው አንድ ዓይነት ተደርገው ይታዩ ነበር። ሁለቱም ከመብራት ድርጅቱ ጋር የግንኙነት ውል መፈረም፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ክፍያ መክፈልና ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው። ለ10 ሺህ ዋት ሶላር ይህ ያስኬዳል። ለ800 ዋት ግን ወረቀቱ ከዕቃው ይበልጣል።

ይህን መጀመሪያ የለወጠችው የእኛዋ ዩታ ናት። ብዙዎቻችሁ አታውቁት ይሆናል፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገረው። በ2025 ሬይመንድ ዋርድ የተባሉ፣ በሙያቸው ሐኪም የሆኑ የሪፐብሊካን ተወካይ ኤች ቢ 340 የተሰኘ ረቂቅ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ረቂቁ ያለ ተቃውሞ ድምፅ አለፈ። ገዢው ስፔንሰር ኮክስ በመጋቢት ፈረሙበት፤ በግንቦት ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ከ1200 ዋት የማይበልጥ፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ፣ በተለመደው የ120 ቮልት ሶኬት የሚሰካና የቤቱን ፍጆታ ለመቀነስ ታስቦ የተሠራ ሶላር የግንኙነት ውል አያስፈልገውም። የመብራት ድርጅቱ ፈቃድ ጠይቅ፣ ክፈል ሊላችሁ አይችልም። በምላሹ ዕቃው እውቅና ባለው መርማሪ ተቋም የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ራሱን ማጥፋት አለበት። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን ለኋላ አቆየዋለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ እሱ ነው።

ሐሳቡ ከጀርመን የመጣ ነው። እዚያ የባልኮኒ የኃይል ማመንጫ ይሉታል። ፍራንክፈርት ወይም በርሊን ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ በአፓርታማ ባልኮኒ መደገፊያ ብረት ላይ ፓኔል ተሰቅሎ ያላዩ አይኖሩም። ጀርመኖች ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በሶላር ዕቃ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ አደረጉት። በ2024 የኢንቨርተሩን የኃይል ወሰን ከ600 ወደ 800 ዋት አሳደጉ፤ ምዝገባውንም በኢንተርኔት ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ እኔን በጣም የሚያስቀናኝን ነገር ጨመሩ፦ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ተከራዩን እንዳይከለክል በሕግ ደነገጉ። ዛሬ የተመዘገበው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

የዩታ ሕግ እዚህ ድረስ አልሄደም። የሚናገረው በእናንተና በመብራት ድርጅቱ መካከል ስላለው ነገር ብቻ ነው። አከራያችሁ ባልኮኒ ላይ ምንም ነገር እንዳይሰቀል በውሉ ላይ ጽፎ ከሆነ ሕጉ አያድናችሁም። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ፤ ከዚያ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለም» ያለ ሥራ አስኪያጅ በሦስተኛው ወር ይቀየራል፤ አዲሱ ደግሞ አውርዱት ይላል። ይህ ደርሶባቸው ፓኔሉን አልጋ ሥር ያስገቡ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

አሁን ወደዚያ ወዳቆየሁት ነገር እንሂድ።

በዩታ ሕግ እነዚህ ትንንሽ ሶላሮች ከውል ነፃ ናቸው፤ ነገር ግን የተረፋችሁን ኃይል መብራት ድርጅቱ ከእናንተ እንዲገዛ ወይም እንዲያካክስላችሁ ሕጉ አያስገድደውም። ቤታችሁ ያልጠጣው ኃይል በሽቦው ወጥቶ ይሄዳል፤ ጎረቤት ይጠቀምበታል፤ ለእናንተ ሳንቲም አይመለስም። ይባስ ብሎ አንዳንድ ቆጣሪዎች ወደ ውጭ የሚወጣውንም እንደ ፍጆታ ደምረው እንዲቆጥሩ የተሠሩ ናቸው። የእናንተ ቆጣሪ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በሁለተኛ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀትር ላይ ቤቴ ምን ይበላል?» የሚለው ነው።

ባለፈው ጊዜ አንዲት የማከብራቸው እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው በኢንተርኔት 1200 ዋት ሊገዛላቸው አስቧል፤ «ና እየው» አሉኝ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው በሥራ ቀን የሄድኩት። እሳቸው ከሌሊት ሥራ ገብተው ተኝተው ነበር የተነሡት፤ ልጆቹ የሉም። አንድ ዕቃ ስንት ዋት እንደሚስብ የምታሳየውን ይቺን መለኪያ ፍሪጁ ላይ ሰካኋት። ሞተሩ ሲነሣ 120 ዋት፤ ሲቆም ከ5 በታች። የኢንተርኔት ሳጥኑ 10። ማንም የማያየው የተዘጋ ቴሌቪዥንና ከሥሩ ያለው ዕቃ 15። ባትሪ መሙያዎች፣ የምድጃው ሰዓት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ። ሁሉንም ደመርነው። ፍሪጁ ሲሠራ 180፣ ሲያርፍ 65 ገደማ። ያ ቤት በቀን ብርሃን የሚበላው ይኸው ነው። 1200 ዋት ቢሰቀልለት ፀሐይዋ ደኅና በሆነች ቀትር ከስድስት እጅ አምስቱን ለሰፈሩ ያከፋፍል ነበር። እማማ ከት ብለው ሳቁና «እኔ እዚህ ለማኅበር አልደግስ!» አሉኝ። በመጨረሻ የተስማማነው በአንዲት ባለ 400 ዋት ፓኔል ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 800 ዋት ፓኔል በዚህ ከተማ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ በደንብ አዘንብሎ፣ ጥላ ሳይነካው ቢቀመጥ በዓመት 1200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ነገር ግን የባልኮኒ መደገፊያ ዘንበል አያስደርግም፤ ፓኔሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ እዚህ 72 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች፤ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ፓኔል ከጨረሯ ሲሶውን እንኳ በሙሉ አያገኝም። በታኅሣሥ ደግሞ ከ26 ዲግሪ አታልፍም፤ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ስለዚህ የባልኮኒ ፓኔል ከክረምት ጋር የተሻለ ይስማማል። የዓመቱ ድምር ሲታይ ግን ሲሶው ጎድሎ 800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። ባልኮኒያችሁ ወደ ሰሜን ከሆነ ግን እባካችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

በዩታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 13 ሳንቲም ገደማ ነው እንበል። 800ውን በሙሉ ቤታችሁ ከተጠቀመበት በዓመት 104 ዶላር ነው። ግማሹን ብቻ ከተጠቀመ 52። ዕቃውን በ1200 ዶላር የገዛ ሰው በመጀመሪያው ስሌት ወጪውን ለመመለስ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል፣ በሁለተኛው ሃያ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ያው ፓኔል በደንብ አዘንብሎ ጓሮ ቢቀመጥና ምንም ባይባክን ከስምንት ዓመት በታች ነው። አያችሁ ልዩነቱን? ፓኔሉ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ከተማው አንድ። የሚለየው አቀማመጡና የቤቱ አኗኗር ነው። ካሊፎርኒያ ያሉ ወገኖቻችን ለኪሎዋት ሰዓት ከ30 ሳንቲም በላይ ስለሚከፍሉ ለእነሱ ጊዜው ከግማሽ በታች ያጥራል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ መብራቱ ውድ፣ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ዋጋውን የመለሰ ብዙ ነው። እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የጀርመንን ስሌት የሚያሳያችሁ ሻጭ ካለ «የዩታውን አሳየኝ» በሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስልክ ላይ የሚመጣላችሁ ማስታወቂያ «የፌዴራል መንግሥት 30 በመቶ ይመልስላችኋል» ይላል። ያ ለመኖሪያ ቤት ሶላር የነበረ የግብር ቅናሽ ነው፤ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት በዚያው ዓመት መጨረሻ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ለምትገዙት ዕቃ አይሠራም።

ታዲያ ማን ይግዛ? ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚያርፍ፣ ሕፃን የሚያሳድግ፣ ከቤት የሚሠራ፣ ቤት ውስጥ ልጅ የሚጠብቅ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ የእኛ ነው የምለው። ልማድንም ማዛወር ይቻላል። እንጀራ የምትጋግሩት መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ። በ120 ቮልት የሚሠራው ምጣድ እስከ 1500 ዋት ይስባል። ሊጡ ከደረሰ ቅዳሜ ቀትር ላይ ብትጋግሩ ፀሐይዋ የምጣዱን ግማሽ ትሸከምላችኋለች። ልብስ ማጠቢያውም፣ ሩዝ መቀቀያውም፣ ቡና መቁሊያውም እንዲሁ። ባትሪ ጨምሮ የቀኑን ለማታ ማቆየትም ይቻላል፤ ግን የዕቃውን ዋጋ እጥፍ ሊያደርሰው ስለሚችል በዩታ ዋጋ አልመክራችሁም።

ምጣድ ካልኩ አይቀር፣ አሁን ስለ አደጋው ልናገር። እዚህ ላይ እባካችሁ ልጆቹን ዝም አስብሉልኝ።

የሳሎናችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 15 አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው፤ የዕቃውን ዋት ለ120 ቮልት ስታካፍሉት ይመጣል። ከዚያ በላይ ሲጫንበት ይግላል። እንዳይግል የሚጠብቀው ብሬከሩ ነው፤ ከ15 በላይ ሲያልፍበት ይቆርጣል። አሁን ባልኮኒው ላይ ምጣዱን ሰካችሁ፤ 12 ተኩል አምፔር። በዚያው መስመር ሳሎን ውስጥ የክፍል ማሞቂያ አለ፤ እሱም 12 ተኩል። ድምሩ 25። ብሬከሩ ይቆርጣል፤ ትበሳጫላችሁ፤ ግን ቤታችሁ ደኅና ነው። አሁን በዚያው መስመር ላይ 1200 ዋት ሶላር ጨምሩበት። ሶላሩ 10 አምፔር ይሰጣል። በብሬከሩ በኩል የሚመጣው የቀረው 15 ብቻ ነው። ብሬከሩ 15 አየ፤ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ዝም አለ። ሶላሩ ወደ ብሬከሩ ቀረብ ብሎ ተሰክቶ ምጣዱና ማሞቂያው ከእሱ ወዲያ ከሆኑ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 25 አምፔር እየተሸከመ ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሌባው በጓሮ ገባ ማለት ነው። በአሮጌ አፓርታማ፣ መጋጠሚያው በላላ ሽቦ፣ ይህ እሳት ነው።

ስለዚህ ሶላሩን ሌላ ከባድ ዕቃ በማይሰካበት መስመር ላይ አድርጉት። የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ሥር እንዳለ አንድ በአንድ አጥፍታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ሶላር በአንድ መስመር አትስኩ። በማከፋፈያ ወይም በኤክስቴንሽን በኩል በጭራሽ አትስኩ። የባልኮኒው ሶኬት ባለ መፈተሻ ቁልፉ ከሆነ ደግሞ ኃይል ወደ ኋላ ሲገባበት የሚበላሽ ዓይነት አለ፤ የሚጠብቀው ሰውን ከንዝረት ስለሆነ መበላሸቱ ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያ ይየው።

ሁለተኛው አደጋ ይቺው ስፒና ናት። የፍሪጅን ስፒና ስትነቅሉ ጥርሶቹ ባዶ ናቸው። የሶላርን ስትነቅሉ ግን ፀሐይ ፓኔሉ ላይ ናት። ጥሩ ኢንቨርተር የውጭውን መብራት ሲያጣ በቅጽበት ይዘጋል። ርካሹና ያልተመሰከረለት ላይዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስፒናውን የያዘው የልጅ እጅ ነው። መንገድ ላይ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተቆረጠ መስመር የሚጠግነው ሠራተኛም ሕይወቱ በዚህ ላይ ናት፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካው ከእናንተ ባልኮኒ የሚመጣ ኃይል ሊያገኘው አይገባም። እኔ ምሰሶ ላይ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳስብ እጄ ይቀዘቅዛል።

ዩ ኤል የሚባለው መርማሪ ተቋም በሶኬት ለሚሰካ ሶላር ብቻ የሚሆን ዩ ኤል 3700 የተሰኘ መመዘኛ አውጥቷል። የብሬከሩን፣ የስፒናውንና የመፈተሻ ቁልፉን ጉዳይ የሚመለከተው እሱ ነው። ስትገዙ ኢንቨርተሩ ብቻ ወይም ፓኔሉ ብቻ ሳይሆን ዕቃው እንዳለ፣ እስከ ስፒናው ድረስ፣ በአንድነት ተመስክሮለት እንደሆነ ጠይቁ። ሕጉም የሚጠይቀው የተመሰከረለትን ነው። ከሌለ ጠብቁ። ስድስት ወር የዘገየ ቁጠባ ማንንም አልጎዳም።

እዚያ ከኋላ እጃቸውን ያነሡት አባት «አዲስ አበባ ለእናቴ ልልክላት እችላለሁ ወይ? መብራት ይጠፋባታል» ብለው ጠይቀዋል። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ይህንን አይላኩ ነው። ይህ ዕቃ የሚሠራው የውጭው መብራት ሲኖር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ እንዲጠፋም ነው የተሠራው። በዚያ ላይ የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ የዚህ አገር ኢንቨርተር ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ አይግባቡም። ለእናትዎ የሚጠቅመው ፓኔል ከባትሪና ብቻውን ከሚሠራ ኢንቨርተር ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ጋደም ማድረግ እንጂ ማቆም አያስፈልግም። ቢቻል እዚያው ይግዙላት፤ ሲበላሽ የሚጠግንላት እንድታገኝ።

በሌላ ግዛት ዘመድ ያላችሁም አላችሁ። ከዩታ በኋላ በኒው ዮርክ፣ በካሊፎርኒያ፣ በቨርሞንት፣ በፔንስልቬንያ፣ በቨርጂኒያ ተመሳሳይ ረቂቆች ቀርበዋል። የዋት ጣሪያው፣ ለድርጅቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው፣ የተከራይ መብት ነገር ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላለች እህታችሁ «ዩታ ተፈቅዷል፣ አንቺም ግዢ» አትበሏት። የራሷን ግዛት ሕግ አይታ ትግዛ። ተወካዮቻቸው ጋ ደውለው «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ እንዳይከለክለኝ በሕጉ ይግባ» ማለትም ይችላሉ። በዩታ ያለነውም እንችላለን፤ የጎደለን ያ አንድ አንቀጽ ነውና። ለአከራይና ለተወካይ የሚላክ አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አዘጋጅቻለሁ፤ በሩ አጠገብ አለ።

ጠረጴዛው ላይ አራት መለኪያዎች አምጥቻለሁ። ስማችሁን አስመዝግባችሁ ለአንድ ሳምንት ትወስዳላችሁ። ፍሪጁ ላይ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀን፣ ምጣዱ ላይ ደግሞ በምትጋግሩ ቀን ሰክታችሁ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፉ። ባልኮኒያችሁን ከጠዋቱ 3፣ ቀትር 6 እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ ይታያል። ያንን ወረቀትና ያንን ፎቶ ይዛችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፤ እዚሁ ተቀምጠን ቤት በቤት እናሰላዋለን።